ጋሼ ይልማን የከሰል ማዕድን ባለቤት ያደረግሁበት ሥልጠና

ሳይቸግር ጤፍ ብድር የተባለው ለእኔ ነው። ሥራ አለኝ፤ እዚህ ሜልበርን፣ ክሬጊበርን የሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ሚስት አለችኝ፤ ሰናይት ትባላለች፤ እሷ ደግሞ እኔን ትነዳለች። ሜድስቶን ውስጥ ሬንቱ በየጊዜው የሚጨምር ቤት አለን፤ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅም አለችን። ይኼ ሁሉ ጣጣ አልበቃ ብሎኝ ቅዳሜ ቅዳሜ በኮሙኒቲ ሬዲዮ የአንድ ሰዓት የአማርኛ ፕሮግራም አቀርባለሁ። "አቀርባለሁ" ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ፕሮግራሙ ማለት የለቅሶ ማስታወቂያ፣ የልደት መልካም ምኞት፣ የሥጋ ቤት ማስታወቂያና ከእነዚህ የተረፈውን ሰዓት የሚሞላ ዘፈን ነው። በዚያ ማይክ ፊት ጠይቄ የማውቀው ከባድ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም "በርቷል?" የሚል ነው።

ታዲያ አንድ ቀን የጣቢያው ኃላፊ ጠራኝና "የገንዘብ ፍሰት የአየር ንብረት ለውጥን እንዴት እንደሚያባብስ ለሚመረምሩ ጋዜጠኞች የተዘጋጀ ሥልጠና አለ፤ ከእናንተ ፕሮግራም ማን ይሂድ?" አለኝ። በእኛ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ከተናገረው ሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረው "ጋዜጠኞች" የምትለዋ ነበረች። ደረቴን ነፍቼ ቤት ገባሁና ለሰናይት ነገርኳት።

"ለጋዜጠኞች ከሆነ አንተ እዚያ ምን ልትሠራ ነው?" አለች።

"እኔስ ታዲያ ምንድን ነኝ?"

"አንተማ መርዶ ነጋሪ ነህ።"

ቅናት ነው ብዬ አለፍኳት። ከአንድ ሱዳናዊ ባልደረባዬ ጋር ሺፍት ስዋፕ አደረግሁና፣ የሥራ ተራ ተቀያየርን ማለት ነው፣ የሠርጌን ሱፍ ለብሼ ከተማ ገባሁ። ሱፉ ከሆዴ ጋር ከተለያየ ቆይቷል፤ ቁልፉን ክፍት መተው ነበረብኝ። ስደርስ ሌሎቹ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ተቀምጠዋል። አንዲት ልጅ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ለምርመራ መለማመጃ የተጋበዝኩ የባንክ ሰው መሆኔን በትሕትና ጠየቀችኝ። ሠልጣኝ ነኝ ስላት ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ።

አሠልጣኛችን ሄዘር የምትባል ረጅም ሴትዮ ነች። ስትናገር አትጮህም፤ ግን ሰው ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ታደርጋለች። ጭስ አይታችሁ ጭስ ማውጫው ላይ ብቻ አታፍጥጡ፤ ያንን ፋብሪካ ማን አበደረው፣ ያበደረውስ የማንን ገንዘብ ይዞ ነው፣ እሱን ተከተሉ አለችን። እኔ ለራሴ በአማርኛ ስገለብጠው "እሳቱን ሳይሆን እንጨት የሚማግደውን እይ" የሚል ወጣኝ። ወደድኩት። እንዲህ ያለ ቁም ነገር የገባኝ ጊዜ ራሴን እንደ አዋቂ ስለምቆጥር፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት ነው።

ከዚያ ቃለ መጠይቅ መለማመድ ጀመርን። ሄዘር የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሆነች፤ እኛ ተራ በተራ ልናፋጥጣት። የተሰጠን አምስት ደቂቃ ነው። ተራዬ ሲደርስ ጎንበስ ብዬ "እንደምን አደሩ?" አልኳት። ደህና ነኝ አለች። ዝም ብሎ ወደ ጥያቄ መግባት ደግሞ ነውር ነው፤ ጤናዋን ጠየቅሁ፣ ቤተሰቧን ጠየቅሁ፣ ሥራ እንዴት እንደያዛት ጠየቅሁ፣ እናቷ በሕይወት መኖራቸውን ስሰማ ስለ እናቷም ጉልበት ጠየቅሁ። ሰዓቱ ጮኸ።

"ስለ ገንዘቡ የምትጠይቀኝስ?" አለች ሄዘር።

"ወደሱ እየመጣሁ ነበር።"

ከሰዓት በኋላ ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ፈንድ እንድንጠራ አዘዘችን። ሰዉ የየራሱን ሱፐር፣ ማለትም ከደመወዙ የሚቆረጠው ገንዘብ የሚጠራቀምበትን የጡረታ ፈንድ፣ ይጠራ ጀመር። እኔ የሱፐሬን ስም አላውቀውም፤ ደብዳቤ ይልካሉ፣ ፍሪጅ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ተግባብተን እንኖራለን። በስሙ የማውቀው ፈንድ ቢኖር የእድራችን ገንዘብ የተቀመጠበት ነው። ሊቀመንበራችን በየዓመቱ ስብሰባ ላይ ስሙን ጮክ ብለው ያነቡታል፤ እኛም ምን እንደሆነ ሳናውቅ እናጨበጭባለን። እሱኑ ተናገርኩ። ሄዘር ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈችውና ፈንዱ ገንዘብ ያስገባባቸው ኩባንያዎች ግድግዳው ላይ ተዘረገፉ። ከላይ አካባቢ አንድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ጉብ ብሏል። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ወገኖቼ፣ ለመቀበሪያችን ያጠራቀምነው ገንዘብ ወደዚህ አገር ሰሜን ሄዶ ከሰል እየቆፈረ ነበር።

"ይኼ እኮ ትልቅ ዜና ነው!" አለች ሄዘር። "ግን ልብ አድርግ፤ ሬዲዮ ላይ ከማውራትህ በፊት ባለጉዳዩን ፊት ለፊት ትጠይቃለህ። አንደኛው ሕግ ይኼ ነው።"

ጻፍኩት። ከሥሩም አሰመርኩበት።

ባለጉዳዩ ጋሼ ይልማ ናቸው። ጋሼ ይልማን ለማታውቁ፣ በሱዳን በኩል መጥተው ዌሪቢ እርሻ ላይ አበባ ጎመን ሲቆርጡ ጎብጠው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጅ የላቸውም፤ ያሏቸው ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ብቻ ናቸው። እድራችንን ያቋቋሙት እሳቸው፣ ከዚያ ጀምሮ የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። እዚህ ከተማ ሐበሻ ሞተ ከተባለ ሆስፒታሉ ጋር የሚነጋገሩት፣ ድንኳን የሚተክሉት፣ ሬሳ የሚያነሱት ጋሼ ይልማ ናቸው። እኔን ከኤርፖርት ተቀብለውኛል፤ ሠርጌ ላይ አባቴ በሚቆምበት ቦታ ቆመውልኛል። እንግዲህ እኚህን ሰው ነው እንደ ባንክ ሥራ አስኪያጅ ላፋጥጥ የተነሳሁት።

ጥያቄዬን ሸምድጄ፣ ያንኑ ሱፍ ለብሼ ዌሪቢ ሄድኩ። እትዬ ዘውዴ ገና በር ላይ "ከስተሃል!" አሉኝ። ያልተቆለፈውን ሱፍ ያየ ሰው እንዲህ አይልም፤ ፍቅር ግን ዓይን የለውም። ምግብ ቀረበ። በላሁ፤ አጎረሱኝ። ጋሼ ይልማ ጓሮ ወስደው ጎመናቸውን አሳዩኝ። ግማሹ በአንድ ቀን ሙቀት ጠውልጎ ደርቋል።

"ምን ዓይነት ሙቀት እንደመጣ እንጃ! ድሮ እንዲህ አልነበረም" አሉ፤ የደረቀውን ቅጠል እያሻሹ። "ምን ይሆን ልጄ? እናንተ ትሰማላችሁ።"

ተመልከቱ እስቲ! በሩን ራሳቸው ወለል አድርገው ከፈቱልኝ። ከሰሉን አንስቼ፣ ሙቀቱን አንስቼ፣ ቀስ ብዬ ወደ እድሩ መግባት ብቻ ነው የቀረኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ጋሼ፣ የእድሩ..."

"የእድሩ ምን?"

ዓይናቸውን አየሁ። ሠርጌ ላይ ከእኔ ብሰው ያለቀሱበት ዓይን ነው።

"የእድሩ ድንኳን... አላረጀም እንዴ?"

"እንዴ፣ አምና አይደል የገዛነው?"

"እሱስ ልክ ነው" አልኩ። አንድ ፌስታል ጎመን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ሰናይት እስከ ዛሬ ድረስ ለእንግዳ ሁሉ ታወራዋለች። አንድን ሽማግሌ ፊት ለፊት ለመጠየቅ አፍሬ፣ ጉዳዩን ለመላው የሜልበርን ሐበሻ በሬዲዮ ተናገርኩ። አዎ። በዚያን ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ይኼ የጨዋ ሰው መንገድ ነበር። ቅዳሜ ማይኩ ፊት ተቀመጥኩና ድምፄን አወፍሬ "በሚቀጥለው ሳምንት! የእድራችን ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? ከድንጋይ ከሰል ጋርስ ምን አገናኘው? መረጃ ያላችሁ ደውሉልን!" አልኩ። ከሥሩ ደግሞ የሚያስፈራ ሙዚቃ ለቀቅሁበት። ሙዚቃውን ለመምረጥ ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ ለማሰብ ግን አንድ ደቂቃ አልወሰደብኝም።

ልጄ ሊያ መኪና ውስጥ ሆና ስታዳምጥ ነበር። ስገባ "ዳድ፣ ዩ ጀስት ኮልድ ጋሼ ይልማ ኤ ቲፍ" አለችኝ። ሌባ አልካቸው እኮ ማለቷ ነው። እኔ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ሲስተም ነው ያወራሁት ብዬ አስረዳኋት። ወደ መስኮቱ ዞራ ኢርፎን አደረገች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ስልኬ ይጮህ ጀመር። መረጃ ጠይቄ የለ? መረጃ ዘነበ። አንዷ ለአማቷ ለቅሶ የመጣው ወንበር ጎድሎ እንደነበር መሰከረች። አንዱ ጋሼ ይልማ አጥራቸውን ቀለም መቀባታቸውን ጠቁሞ "በምን ገንዘብ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሌላው ደግሞ ስሙ እንዳይጠቀስ ካስማለኝ በኋላ፣ በእድሩ ዓመታዊ ግብዣ ላይ ለእሱ አጥንት ብቻ እንደደረሰው በምሬት ነገረኝ። ወሬው ከእኔ ቤት ሲነሳ ገንዘቡ የት እንደተቀመጠ የሚጠይቅ ነበር። ክሬጊበርን ሲደርስ ገንዘቡ ጠፍቷል። ክሬጊበርን ላይ አድሮ ሲመለስ ጋሼ ይልማ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ገዝተዋል! ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት እናት ደወሉልኝ።

"አንተ ትቀርባቸዋለህ ብዬ ነው። ልጄ ሥራ ከፈታ ቆየ። እስቲ እዚያ ማዕድናቸው ላይ እንዲያስገቡልኝ ንገርልኝ።"

"እማማ፣ ማዕድን የላቸውም።"

"ገባኝ፣ ገባኝ። በስልክ አይወራም" ብለው ዘጉት።

ለሄዘር ፕሮግራሙ ብዙ ሰው ዘንድ እንደደረሰ ጻፍኩላት። "ጎበዝ! ሊቀመንበሩ ስትጠይቃቸው ምን አሉ?" የሚል መልስ መጣ። ስልኬን አጠፋሁት።

ማጥፋቴም አልጠቀመኝም፤ ሰናይት ስልኳን ይዛ መጣችና "ጋሼ ናቸው" አለችኝ።

"ልጄ፣ ሰማሁ" አሉ ጋሼ ይልማ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ማለት የፈለግሁት..."

"የእድሩን ቁልፍ ለጸሐፊው ለግርማ ሰጥቻለሁ። ከአባልነትም ወጥቻለሁ። ስሞት እንዳትመጡ።"

ዘጉት። ቆይቶ እትዬ ዘውዴ ለሰናይት እያለቀሱ ደወሉ። "ይኼ ሰውዬ እህል አልቀምስ አለኝ። ልጅ የለን፣ ዘመድ የለን። ዛሬ ማታ አንድ ነገር ቢሆን ማንን ልጠራ ነው? ማን ያነሳልኛል?" ይላሉ። አገር ቤት ያላችሁ፣ ከእድር የወጣ ሰው ብዙ አያስደነግጣችሁ ይሆናል፤ ጎረቤትም ዘመድም አለ። እዚህ ግን ለብዙ ሰው ዘመዱ እድሩ ነው። ስንቱን ብቻውን የሞተ ሰው ከፍነው የቀበሩ ሽማግሌ፣ በእኔ ምላስ የተነሳ ቀባሪ አጡ። ሰናይት አልጮኸችብኝም፤ "ሂድና መልሳቸው" ብቻ አለች።

በቀጣዩ ቅዳሜ በከሰሉ ፋንታ ዘፈን ብቻ አሰማሁ፤ እሑድ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ለበዓል የምንከራየው አዳራሽ ለፋሲካ እንኳ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ጋሼ ይልማ የሉም። የእድሩ ጸሐፊ አቶ ግርማ "እንግዲህ ጋዜጠኛው ያስረዳን" ብለው ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ቆምኩና ከሥልጠናው የተማርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። የእኛ ገንዘብ ፈንዱ ጋ ይገባል፣ ፈንዱ ለማዕድኑ ይሰጣል፣ ማዕድኑ ከሰል ያወጣል፣ ከሰሉ ይነዳል፣ ጭሱ ሰማይ ላይ ይከማቻል፣ ምድር ትሞቃለች። ግንባሬን ጠረግሁና ተቀመጥኩ።

ከኋላ አንድ ሰው እጁን አወጣ። "ገንዘቡ አለ?"

"አለ።"

"ሙሉው?"

"ሙሉው አለ። ሳንቲም አልጎደለም። ጋሼ ይልማ የነኩት ነገር የለም።"

"ታዲያ ወዴት ሄደ ብለህ ስትጮህ የነበረው ምኑን ነው?"

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አልኩ በሆዴ። ጉምጉምታ ሆነ። ከዚያ አንዲት እናት ተነሱና "የልጆቻችን አገር እየነደደ በሬሳችን ገንዘብ ከሰል አይቆፈርም፤ ይውጣ" አሉ። ይውጣ ተባለ። ወዴት ይግባ? እኔ ገንዘብን በፀሐይና በነፋስ ኃይል ማመንጫ ላይ የሚያውሉ ፈንዶች እንዳሉ ተናገርኩ። አንድ አዛውንት "የእድር ገንዘብ ነፋስ ላይ?" ብለው አማተቡ። ብዙ ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ ለፀሐይ እጅ ወጣ።

እዚህ ላይ ሹልክ ብዬ ብወጣ ኖሮ! እኛ ዘንድ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ደንብ አለ። ችግር ያነሳ ሰው ችግሩን ይሸከማል። የእድር ስብሰባ ላይ ሰዉ ሁሉ አቀርቅሮ ጫማውን የሚያየው ለዚህ ነው። "ይህን የሚያስፈጽመው ማነው?" ሲባል አዳራሹ እንዳለ ወደ እኔ ዞረ። ሊቀመንበር ሆንኩ። ተቃውሞ አልነበረም፤ የእኔንማ ማን ቆጠረው?

ሊቀመንበር ሆኜ የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ የወጣ አባል መመለስ ነበር። አቶ ግርማ ሽምግልናውን ያዙት። ከቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ጋር ከተማከሩ በኋላ "በደልህ ትልቅ ነው። እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክመህ ነው የምትገባው" ብለው ፈረዱብኝ። ድንጋይ ደግሞ እዚህ አገር እንደዋዛ ከመንገድ አይነሳም፤ የካውንስል፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤት ነው። የግንባታ ዕቃ መደብር ሄድኩ። ሻጩ ልጅ በትሕትና ለምን እንደምፈልገው ጠየቀኝ። ለአትክልት? ለአጥር? ለይቅርታ ነው ብል የትኛውን ያሳየኝ ነበር? "ለሽማግሌ ነው" አልኩ። ለስላሳ፣ ክብ፣ ቀላ ያለ ድንጋይ መረጠልኝ። ደረሰኙን ሲሰጠኝ ካልወደዱት መመለስ እንደምችል ነገረኝ።

ዌሪቢ ስንደርስ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አደረግሁና ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ሣር የሚያጠጡት ፈረንጅ ጎረቤት ውኃውን ጫማቸው ላይ እየለቀቁ አፍጥጠው አዩኝ። ጋሼ ይልማ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ፊታቸው ከስቷል። ቄሱ "ስለ እግዚአብሔር ይማሩት" አሉ። አቶ ግርማም ለመኑ። እሳቸው ዓይናቸውን ድንጋዩ ላይ ተክለዋል። አንገቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ድንጋዩን ከየት አመጣኸው?" አሉ በመጨረሻ።

"ከሱቅ ነው ጋሼ።"

"ገዝተኸው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ድንጋይ ገዛ!" አሉ ለእትዬ ዘውዴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ለመሆኑ ልትጠይቀኝ የፈለግኸው ምን ነበር? በል አሁን ጠይቀኝ። ሳታወርድ።"

መሬት መሬት እያየሁ ጠየቅሁ። "ጋሼ፣ የእድሩ ገንዘብ ከሰል ማዕድን ውስጥ እንደሚገባ ያውቁ ነበር?"

"አላውቅም" አሉ። "ባንክ ቤት ያለው ልጅ አስተማማኝ ነው አለኝ፣ አስገባሁት። በቃ። ያን ዕለት ማዕዴ ላይ ተቀምጠህ ስትጎርስ ብትጠይቀኝ ይቺኑ ነበር የምነግርህ። በነጋታው አብረን ሄደን እናስወጣው ነበር።" ድምፃቸው ተሰበረ። "እኔ እኮ እዚህ አገር የሰው ሬሳ ሳነሳ የኖርኩት፣ አንድ ቀን የእኔንም የሚያነሳ አላጣም ብዬ ነው። ሌባ ስባል የታየኝ ገንዘቡ አይደለም። ማን ይቀብረኛል ነው ያልኩት።"

እንባዬ ድንጋዩን ተሸክሜ ባጎነበስኩበት አፍንጫዬን ተከትሎ ወረደ። ልጠርገው እጅ የለኝም።

"እኔ ነኝ የምቀብርዎት፣ ጋሼ!"

"አንተማ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ታቆመኝና 'ጋሼ ይልማ ወዴት እየሄዱ ነው? መረጃ ያላችሁ ደውሉ!' ነው የምትለው።"

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ዘውዴ ናቸው፤ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። ቄሱ ተከተሉ። ጋሼ ይልማም ሊይዙት ሞክረው አልሆነላቸውም። "አውርደው፣ አውርደው፤ አንገትህን ትሰብርና ደግሞ አንተን ልቅበር ነው?" አሉኝ። አወረድኩና ጉልበታቸውን ሳምኩ። አነሱኝ፤ ግንባሬን ሳሙኝ።

"እድሩ ውስጥ ተመልሼ ገብቻለሁ" አሉ። "ግን እንደ ማንኛውም አባል ነኝ። ሊቀመንበሩ አንተ ነህ፤ ለሆስፒታሉም ለድንኳኑም አንተ ትሮጣለህ።"

"እስከ መቼ ጋሼ?"

"እኔን እስክትቀብር ድረስ ነዋ!" ጋቢያቸውን አስተካክለው ወንበሩ ላይ ተደላደሉ። "እኔ ደግሞ ለመሞት አልቸኩልም።"